ፊቱ በተሸፈነ መኪና ሮምን ስዞር

ከሮም ከተመለስኩ ወዲህ የሰፈሬ ሰው ባገኘኝ ቁጥር ያቆመኝና «ጳጳሱን አየሃቸው?» ይለኛል። አላየኋቸውም። ኮሎሴየሙንም ያየሁት በአውቶቡስ መስኮት፣ ያውም የአንዲት ወፍራም ሴትዮ ትከሻ ጋርዶኝ ነው። ሮም ውስጥ ከሁሉ አብልጬ ያየሁት አንድ መኪና ነው፤ እሱንም አየሁት ለማለት ይከብደኛል። እዚያ ሄዳችሁ የማታዩትን እንድታውቁ፣ በየቀኑ የሆነውን እንደሆነው ልጻፈው።

መጀመሪያ ለምን እንደሄድኩ ልንገራችሁ። ታናሽ እህቴ ጽጌ ሮም ውስጥ አንዲት አሮጊት እየጠበቀች ትኖራለች። ባሏ ዳንኤል ሹፌር ነው። ልጃቸው ሶስና ግን ጡት እንደጣለች እኔ ዘንድ ቀርታ፣ እኔና ባለቤቴ አሳድገናት፣ ይኸው ዛሬ ቁመቷ ትከሻዬ ደርሷል። እሷን ወደነሱ ለመውሰድ ዳንኤል ቋሚ ኮንትራት ያስፈልገዋል። በነሐሴ የሚደረግ አንድ የመኪና ሙከራ በሰላም ከጨረሰ ሊፈርሙለት ቃል ገብተዋል። ጽጌም «ጋሼ፣ በዚያ ሳምንት ና። ሲፈርም አብረኸን ሁን፤ ስትመለስ ለልጄ በአፍህ ንገርልኝ» ብላ ትኬት ላከችልኝ። እኔም ደስ እንዲለኝ ሞከርኩ። ቪዛው እንዴት እንደተገኘ ልጻፍ ብል ሌላ መጽሐፍ ይወጣዋልና ልዝለለው።

እሑድ

ከቦሌ ስንነሳ የነሐሴ ዝናብ የአውሮፕላኑን መስኮት ይገርፍ ነበር። እኔ ሹራብ በሹራብ ላይ ደርቤያለሁ። የከተማ አውቶቡስ እየነዳሁ አርጅቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝና ሌላ ሰው ሲነዳኝ እግሬ አያርፍም። አውሮፕላኑ ሊያርፍ መሬት ሲነካ ወለሉን ረግጬ ፍሬን ያዝኩ። አጠገቤ የተቀመጠው ወጣት «አባባ፣ ደህና ነዎት?» ብሎ ውሃ አስመጣልኝ።

ሰኞ

ጽጌ ቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ ተቀበለችኝ። ከጣቢያው ወጥተን ጥቂት እንደሄድን ከተማው ሰው እንደሌለው አስተዋልኩ። ሱቁ ሁሉ የብረት መዝጊያው ወርዷል። የየፎቁ መስኮት ተዘግቷል። ፀሐይዋ ነጭ ናት፤ ጥላ የሚባል ነገር ግድግዳ ሥር ተለጥፎ ቀርቷል። የራሴን ኮቴ እየሰማሁ ሄድኩ። አዲስ አበባ እንዲህ ባዶ ሆና የማውቃት በፋሲካ ማለዳ ነው፤ ያኔም ቢሆን ከየቤቱ የሰው ሳቅ ይሰማል።

«ሰው ሁሉ የት ገባ?» አልኳት።

«ፌራጎስቶ ነው ጋሼ፣ የነሐሴ ዕረፍታቸው። አገሩ በሙሉ ፌሪዬ ወጥቶ ባሕር ሄዷል። የኔንም ሲኞራ ልጆቿ ይዘዋት ሄደዋል። ባይሆን ኖሮ መች አርፌ እቀበልህ ነበር?»

ቤታቸው አሳንሰር የሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃውን ሳጋምስ የቀኝ ጫማዬ ሶል ተገንጥሎ ቀረ፤ ከአስፋልቱ ሙቀት የተነሣ ማስቲሹ ቀልጧል። ድምፁን የሰማች ሲኞራ ፒና የምትባል ጎረቤት በሯን ከፈተች። እንደ እኔ ያረጀች ብቸኛ ሴት ናት። ጫማዬን አየች፣ ላቤን አየች፣ ገባችና የራሷን ማራገቢያ ይዛ መጣች። «እሷስ በምን ልትተኛ ነው?» ብል ጽጌ ጠየቀችልኝ። መልሷ «እኔ ሮማዊት ነኝ፤ እሱ ግን ከብርድ አገር ነው የመጣው» ሆነ። አፍሪካ ሙሉ በሙሉ በረሃ ነው የሚሉ አሉ ሲባል እሰማ ነበር፤ ይህች ሴት ግን ሹራቤን አይታ ፈረደች።

ፍልሰታ ስለሆነ ፓስታ በስልስ በላን። ሲኞራ ፒና ሐብሐብ ይዛ መጥታ ስልሱን ቀመሰችና ሽንኩርቱን እንዲያ እስኪጠቁር ማቁላላት ምን አመጣው ብላ ተቆጣች። እኔ ደግሞ የእሷን በማግስቱ ቀምሼ ጥሬ ነው አልኩ። ሁለታችንም አልተሸነፍንም።

ዳንኤል ከሥራ ሲገባ ጫማዬን አየና ከቦርሳው ጥቁር ፕላስተር አውጥቶ ጠመጠመልኝ። «ይቺ መኪናውን የምንሸፍንባት ናት፤ አትለቅም» አለኝ። ምን መኪና እንደሚሸፍኑ አልጠየቅሁም። ዝናብ የሚፈራ መኪና ይሆናል ብዬ ተኛሁ።

ማክሰኞ

ከጽጌ ጋር ቪያ ቮልቱርኖ ሄድን። ከጣቢያው አጠገብ ያለ፣ የሐበሻ ምግብ ቤትና ስልክ ቤት የተደረደረበት መንገድ ነው። የምግብ ቤቱ ባለቤት ከአገር ቤት ገና መምጣቴን ስትሰማ ሽሮውን ደጋግማ ጨመረችልኝ፤ ዝናቡ እንዴት እንደሆነ፣ የጤፍ ዋጋ የት እንደደረሰ፣ መርካቶ ምን እንደሚመስል ስትጠይቀኝ ምግቡ በረደ።

በልተን ደጅ ላይ ቆመን ሳለ ያ መኪና መጣ። ድምፅ የለውም። ከኮፈኑ እስከ ኋላው በጥቁርና በነጭ ጥምዝምዝ መስመር ተለብጧል። መስመሩ ዓይን ሲያርፍበት ይሸሻል። ሰፊ ነው ስል ጠበበብኝ፣ ረጅም ነው ስል አጠረብኝ። በሩ የት ጋ እንደሚጀምር፣ መብራቱ የቱ እውነተኛ የቱ ሐሰተኛ እንደሆነ አይለይም። ዕድሜዬን ሙሉ በስፖኪዮ ውስጥ መኪና ከሩቅ እየለየሁ የኖርኩ ሰው፣ በአጠገቤ ያለፈውን መለየት አቃተኝ። ውስጡ አራት ሰው ተቀምጧል፤ ሦስቱ ራስ የላቸውም።

አንድ ልጅ ስልኩን ሲያነሣ ጽጌ እጁን ይዛ ዝቅ አደረገችው። «ወንድሜ፣ በእግዚአብሔር አታንሳው። የሰው እንጀራ ነው» አለችው። ያኔ ነው ሹፌሩ ዳንኤል መሆኑን ያወቅሁት።

ማምሻውን እሱ ራሱ አስረዳኝ። ኩባንያዎች አዲስ ሞዴል ገበያ ሳያወጡ በፊት በእውነተኛ መንገድ ላይ ይሞክሩታል። መልኩን ተፎካካሪ እንዳይሰርቅባቸው፣ ፎቶ አንሺም አድፍጦ እንዳያነሣው፣ በዚያ መስመር ይለብጡታል፤ ከሥሩም ሐሰተኛ የፕላስቲክ እብጠት ይለጥፉበታል። ውስጡንም በጥቁር ጨርቅ ይሸፍኑታል። «ገና ያልተወለደ ነው ብለው ያስቡት፣ ጋሼ» አለኝ። እኛስ አራስን ከሰው ዓይን እንጋርድ የለም? ነገሩ ገባኝ፤ ደስ ግን አላለኝም። ስለ ራስ የሌላቸው ሰዎች ልጠይቀው ስል እንቅልፍ ጣለው።

ረቡዕ

ማለዳ ዳንኤል እያመነታ መጣ። «ጋሼ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት» አለኝ። መኪናው ሰው ጭኖ እንዴት እንደሚሄድ ለማየት በየወንበሩ ውሃ የተሞላ የላስቲክ ሰው ታስሮ ይቀመጣል፤ ደረትና ሆድ ብቻ ነው። ከፊት የሚቀመጠው አፍስሶ ባዶ ሆኗል። በበዓሉ ምክንያት ምትክ የሚልክ የለም፤ ክብደቱ ከጎደለ ደግሞ የዕለቱ ጉዞ አይቆጠርለትም።

«መንገደኛ መጫን ይፈቀዳል?» አልኩት።

«አይፈቀድም።»

ትርፍ ጫንክ እየተባልኩ ስቀጣ የኖርኩ ሰው፣ በስተርጅና ራሴ ትርፍ ሆኜ ገባሁ። የስልኬን ካሜራ በፕላስተር ሸፈነው። ከኋላዬ ሁለቱ የውሃ ሰዎች በየመታጠፊያው ሆዳቸው ይንቦጫረቃል። ወደኋላ ላለመዞር አንገቴን አደነደንኩ።

ዳንኤል መሪውን አይነካም። መኪናው ራሱን በራሱ ነው የሚነዳው፤ ፍሬቻ ሳይቀር ራሱ ያበራል። ከጨርቁ መሀል አንዲት ትንሽ ስክሪን ትታያለች። የፊት መስታወቱ ላይኛ ጫፍ፣ ከመሀል መስታወቱ ጀርባ ያለችው ካሜራ የምታየውን ሁሉ ስክሪኗ ትሥላለች፤ መኪና ከሆነ ሣጥን፣ ሰው ከሆነ ፊት የሌለው ግራጫ ምስል። መኪናው እንግዳ ነገር ካደረገ ዳንኤል መሪው ላይ ያለችውን ቁልፍ ተጭኖ ያየውን ጮክ ብሎ መናገር አለበት፤ ድምፁ ተቀድቶ ለኢንጂነሮቹ ይደርሳል። ሥራው ይኸው ነው።

ወደ ሰሜን ወጥተን ካስቴልኑቮ ዲ ፖርቶ ደረስን። ዳንኤል ጣልያን እንደገባ የከረመበት የጥገኝነት ጠያቂዎች ማቆያ እዚያ ነበር። ከመንደሩ ግርጌ አንድ ሽማግሌ ቀዝቃዛ ውሃና የጓሮውን ኮክ ሰጠን። ፊታችንን እያየ ሲስቅ ቆይቶ መኪናው ላይ ዓይኑ ሲያርፍ ሳቁን አቆመ፤ ሁለት ጣቱን እንደ ቀንድ አድርጎ ወደ መሬት ቀሰረ። ዳንኤል ከክፉ ዓይን መከላከያ ነው አለኝ። ያ ነገር እነሱም አገር አለ ማለት ነው።

ከቀትር በኋላ ወደ ከተማ ተመልሰን በፒያሳ ኢንዲፔንዴንሳ በኩል አለፍን። የኛ ፒያሳ በዚያ ሰዓት ሰው ከሰው ይጋፋል። እዚህ ውሻ እንኳ የለም። መኪናው ቀስ አለና ቆመ። የውሃ ሰዎቹ ወደፊት ተንቦጫረቁ። ከፊታችን ባዶ አስፋልት ነው። ስክሪኗ ላይ ግን ግራጫ ሰው ቆሟል።

ቀና ብዬ አየሁ፤ የለም። ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ አለ። ጥቂት ቆይቶ ከቀኝ ወደ ግራ ቀስ ብሎ ተሻገረና ጠፋ። መኪናው ጉዞውን ቀጠለ። ፈራሁ።

«ቁልፏን አልተጫንካትም» አልኩት።

«አሎራ… እንግዲህ ጋሼ፣ መጀመሪያ ሰሞን ተጭኜ ነበር። ኢንጂነሩ ራሱ መጥቶ አብሮኝ ዞረ። ስክሪኗ ለእሱ ምንም አላሳየችውም። ከዚያ ወዲህ ‹ዳንኤል፣ እንቅልፍ ትተኛለህ ወይ?› ይለኛል። እንቅልፍ አይተኛም ለተባለ ሹፌር ኮንትራቶ ማን ይፈርማል?»

«ምንድን ነው ግን?»

«ሀብታሙ ይመስለኛል። እዚህ አደባባይ ላይ ያለ ሕንፃ ውስጥ ብዙ ሐበሻ ነበርን። አንድ ነሐሴ ላይ ፖሊስ አስወጣን፣ ሣሩ ላይ ተኛን። ውሃ የሚያመላልስልን ሀብታሙ ነበር፤ የሚሻገረውም እዚህችው ጋ ነው። ኋላ ወደ ሌላ አገር ሊሻገር ወደ ድንበር ሄደ። አንድ ቀን ደወለ፤ ከዚያ ወዲያ ስልኩ አልሠራም።»

«ሞቷል?»

«አላውቅም። ያልቀበሩትን ሰው ሞተ ይሉታል?»

ሐሙስ

ዕለቱ የዳንኤል ዕረፍት ነበር። ጽጌ ቅዳሴ ወሰደችኝ፤ ከካቶሊኮች የተዋሱት ቤተ ክርስቲያን ነው። ነጠላ የለበሰ ሕዝብ በዚያ ሁሉ ሐውልት መሀል ቆሞ ሲያስቀድስ ማየት ግራ ያጋባል፤ ሐውልቶቹ ጫማ አድርገዋል፣ እኛ አውልቀናል። ቆሜ መድከሜን ያየ ዲያቆን ወንበር አመጣልኝ።

የሆዴን በሆዴ ልይዝ ነበር ሐሳቤ። መንገድ ላይ ግን ጽጌ ዓይን ዓይኔን ስታየኝ ሁሉንም ዘረገፍኩላት። ሀብታሙን ታውቀዋለች። አለቀሰችለት። ከዚያ ዕንባዋን ጠርጋ «ነፍሱን ይማር ብዬ አልለምን፣ በሕይወት ይኖር ይሆናል። ግን ጋሼ፣ ልጄን እኮ ሊያስቀርብኝ ነው። ነገ የመጨረሻው ጉዞ ነው። ነገን ብቻ እንኳ መንገድ ባይዘጋበት» አለች። ተመልሳ ገብታ ከካህኑ እምነት ተቀብላ፣ በወረቀት ጠቅልላ ወጣች።

ዓርብ

ለላስቲኩ ሰው ምትክ ስላልመጣ ዛሬም የምገባው እኔ ነኝ። ዳንኤል መኪናውን ከሰፈር ራቅ ካለ ዛፍ ሥር አቁሞ ጠበቀን። ጽጌ እምነቱን በውሃ በጥብጣ ይዛ መጥታለች። የኔን ግንባር ቀባች፣ የባሏን ቀባች። ከዚያ መኪናውን ለብቻዋ ዞረችው፤ ግንባሩ የት እንደሆነ መስመሩ እያምታታት ፈለገች። በመጨረሻ «በስመ አብ» ብላ የፊት መስታወቱን ላይኛ ጫፍ፣ መሀል ለመሀል፣ በመዳፏ ለበጠችው።

ካሜራዋ ከዚያው ጀርባ ናት። ዳንኤል ያውቃል፣ እኔም ረቡዕ አሳይቶኛል። ሁለት ሹፌሮች ተያየን። ጭቃ ቢሆን፣ የወፍ ኩስ ቢሆን ወዲያው እንጠርገው ነበር። እምነት ግን እንዴት ይጠረጋል? ያውም በፍልሰታ፣ ያውም እሷ ቆማ እያየችን። ስንነሳ አንዲት ብርቱካንማ መብራት ስክሪኗ ጥግ በራች። ዳንኤል «ሙቀቱ ነው፣ ቫ ቤኔ፣ ደህና ነው» አለ። እኔም ሙቀቱ ነው አልኩ።

ሌላ ቦታ መኪናው በወጉ ሄደልን፤ ለነገሩ መንገዱ ላይ የሚያጋጥመው ነገር አልነበረም። ፒያሳ ኢንዲፔንዴንሳ ስንደርስ ሁለታችንም ስክሪኗ ላይ አፈጠጥን። ባዶ ናት። መኪናው ፍጥነቱን አልቀነሰም። «ሄደ» አለ ዳንኤል፤ በሳምንቱ ሙሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ሲል አየሁት። «ተመስገን» አልኩና ቀና አልኩ።

ባለጎማ ቦርሳ የምትጎትት ሴት ከእግረኛ መንገዱ ወርዳ ከፊታችን ናት። ስክሪኗ ላይ ማንም የለም። እግሬ ወለሉን ረገጠ፤ እዚያ ፍሬን የለም። «ፍሬን!» ስል ዳንኤል ቀና ብሎ ረገጠ። የውሃ ሰዎቹ ጀርባችንን መቱን። ቦርሳዋ ተመትቶ ተገለበጠ፤ ድንችና ሎሚ አስፋልቱ ላይ ተንከባለለ። ሴትየዋ እግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ በቂጧ ተቀምጣለች።

ወርደን ሮጥን። ግራጫ ልብስ የለበሱ መነኩሲት ናቸው፤ «የእግዚአብሔር ያለህ» ስንል ሰምተው በአማርኛ መለሱልን። ከአገራችን መጥተው እዚያ የሚማሩ የካቶሊክ እናት ናቸው። ደግፈን አነሣናቸው። ምንም አልሆኑም፤ ድንቹን እንኳ መልቀም ጀመሩ። ከዚያ ወደኋላቸው ዞረው «ያ ልጅ የታል?» አሉ።

«የቱ ልጅ፣ እናቴ?»

«ክንዴን ይዞ ወደኋላ የሳበኝ። ‹ቆዩ እናቴ› አለኝ እኮ፣ በአማርኛ።»

አደባባዩን ዞረን አየን። ሰው የለም። መስኮቱ ሁሉ ዝግ ነው። መነኩሲቷ ክንዳቸውን ዳሰሱ፤ እጅጌያቸው ላይ፣ በሰው መዳፍ ልክ፣ ረጥቧል። ውሃው በዚያ ፀሐይ ውስጥ ዓይናችን እያየ ደረቀ።

ዳንኤል ወደ መኪናው ተመለሰ። «እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ» ብሎ እምነቱን በመሐረቡ ጠረገ። ምን ሊያደርግ እንደሆነ ገባኝ።

«ሴትየዋ ደህና ናቸው» አልኩት። «ማንም አላየም። ነገ ትፈርማለህ፣ ልጅህን ትወስዳለህ።» ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፤ ሶስናን ማጣት የምፈራው ሰው።

«ጋሼ፣ መኪናው ዓይኑ ሲጋረድ መቆም ነበረበት። አንዲት መብራት አብርቶ ዝም ብሎ ሄደ። ነገ ልብሱን አውልቀው በየአገሩ ይሸጡታል። እዚህ እኚህን እናት ሀብታሙ አተረፈልን። ሌላ ቦታ ያሉትን ማን ይስባቸዋል?» አለኝ።

ገብቶ ቁልፏን ተጫነ። በጣልያንኛ፣ ቀስ ብሎ፣ ረጅም ተናገረ። ከቃሉ ስሜንና የመነኩሲቷን ነገር ለየሁ። ሀብታሙንም ጠራው።

ቅዳሜ

ኢንጂነሩ ከባሕር ዳር ተጠርቶ መጣ። ጨዋ ሰው ነው፤ እኔንም ጨበጠኝ። ስለ መብራቷና ስለ ካሜራዋ ደጋግሞ ጠየቀ፣ አመሰገነም። ስለ ሀብታሙ ምንም አላለም። መኪናው ላይ ሸራ ደርበው የተዘጋ የጭነት መኪና ውስጥ አስገቡት። ሰው ሳያስፈቅድ የጫነ፣ ያየውንም ቀናት የደበቀ ሹፌር ቋሚ ኮንትራት እንደማይሰጠው ግን ነገረው። ወደፊት ጊዜያዊ ሥራ ከተገኘ ይደውሉለታል።

ጽጌ አልጋዋ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። እምነቱን የቀባሁት እኔ ነኝ እያለች ስታለቅስ ሲኞራ ፒና ሰምታ መጣች፤ ምን እንደሆነ ሳትጠይቅ አጠገቧ ተቀምጣ እስኪመሽ ፀጉሯን ስትዳብስ ዋለች። ሳልሄድ ማራገቢያዋን ብመልስላት ለጽጌ ተወው አለችኝ።

እሑድ

አዲስ አበባ በዝናብ ተቀበለችኝ። በአውሮፕላኑ ውስጥ ለሶስና የምነግራት ውሸት አዘጋጅቼ ነበር፤ ቢሮው ተዘግቶ ነው፣ በዓል ሆኖ ነው የሚል። በሩን ስትከፍትልኝ «ፈረመ?» አለችኝ፣ ሰላም እንኳ ሳትለኝ።

«አልፈረመም።»

ውሸቱ ከአፌ አልወጣ አለ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳት፤ የረጠበውን እጅጌ ሳይቀር። ሳታቋርጠኝ ሰማች።

«አባዬ ዝም ቢል ማን ያውቅበት ነበር?»

«ማንም።»

ተነሥታ ወደ ክፍሏ ገባች። እኔ ሳሎን ቀረሁ። ደስ አለኝ ብል እግዜር ይቆጣኛል፤ ግን አለኝ፤ አፍሬም አንገቴን ደፋሁ። ጥቂት ቆይታ መጣችና ፊቴ ቆመች። ዓይኗ ቀልቷል።

«እንግዲያውስ ጋሼ፣ ዩኒፎርም ያሰፉልኝ» አለችኝ። «የአምናው አጥሮኛል።»